ለደሴና ለኮምቦልቻ አውቶቡስ መንገድ 7 ሜትር መሬት ይቀመጥልን

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ደሴ አድሬ ኮምቦልቻ የምውል ሰው ነኝ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንደ እኔ የሚመላለሰው ሰው ከዓመት ዓመት በዝቷል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 የተመረቀው ኮምቦልቻ ነው፤ ደረቅ ወደቡም እዚያው ነው። ትልቁ ሆስፒታልና የዞኑ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ደሴ ናቸው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ራሱ በሁለቱም ከተማ ግቢ አለው። በወረቀት ሁለት ከተማ ይባሉ እንጂ በኑሮ አንድ ሆነዋል። የሚያገናኛቸው ግን እስኪሞላ የሚቆም ሚኒባስ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ተሳፍሬ ነበር። ረዳቱ «ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ግማሽ ሰዓት አቆየን። አጠገቤ አንዲት እናት ፌስታል ታቅፈው ተቀምጠዋል። ፌስታሉ ውስጥ የሆስፒታል ካርድና ትንሽ ዳቦ አለ። «ቀጠሮዎት ዛሬ ነው እንዴ?» አልኳቸው። ለካ የነገ ጠዋት ነው። የጠዋቱ መኪና ስለማይታመን ማታ ሄደው ዘመድ ቤት ሊያድሩ ነው። የሐረጎን ዳገት ስንጀምር ጉሙ ወረደ። ከፊታችን አንድ ተሳቢ እየተንፏቀቀ ይወጣል። ሾፌራችን ጥምዝ ላይ ሊቀድም ወጣ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ወጣ። በርጩማ ላይ ከተቀመጡት ትርፍ ሰዎች አንዱ ጉልበቴ ላይ ወደቀ። እኚያ እናት መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ «አብሽር ልጄ፣ አላህ ያደርሰናል» አሉኝ።

ስለ ትራንስፖርት ሲወራ ብዙ ሰው «ባቡር ይግባልን» ይላል። ምኞቱ ይገባኛል። ነገር ግን የመሬቱን ነገር እናስብ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። በዚህች አጭር መንገድ 650 ሜትር ያህል መውጣት አለ። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ዳገት አይወድም፣ ይንሸራተታል። ለዚህ ነው ሐዲድ ተራራ ሲገጥመው ዋሻ የሚፈልገው ወይ ዞሮ የሚሄደው፤ ሁለቱም ገንዘብ ይበላሉ። ከአዋሽ ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የባቡር መስመርም በእኛ በኩል ጣቢያው ኮምቦልቻ ነው። ያ መስመር ሥራ ሲጀምር ከደሴና ከኩታበር የሚመጣው መንገደኛ በምን እንደሚወርድ አሁኑኑ ሊታሰብ ይገባል።

ከአዲስ አበባውም እንማር። ቀላል ባቡሩ በ2008 ሥራ ሲጀምር ደስ ብሎን ነበር። 34 ኪሎ ሜትር ለሚሆነው መስመር 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። ከዚያ መለዋወጫ ጠፋና ብዙዎቹ ባቡሮች ቆሙ። ጥገናውን የማንችለውን ነገር ባንገዛ ይሻላል።

ለእኛ የሚሆነን ትልቅ አውቶቡስ ነው፤ የራሱ መንገድና የተቆረጠ ሰዓት ያለው። ዳሬሰላም እንዲህ ያለውን አገልግሎት በፈረንጆች 2016 ጀምራለች። መንገዱ መሐል የአውቶቡስ ብቻ መስመር አለ፤ ተሳፋሪው ከመሳፈሩ በፊት ጣቢያው ላይ ይከፍላል፣ በር ላይ ሒሳብ የሚሰበስብ የለም። ስህተትም ሠርተዋል። የአውቶቡሶቹን ማደሪያ ጎርፍ የሚተኛበት ሸለቆ ውስጥ ሠርተው ውሃ ደጋግሞ ገብቶበታል። የቦርከናን ወንዝ ጎርፍ የምናውቅ ሰዎች ይህን ልብ ማለት አለብን። ደግሞም እንደ አዲስ አበባ ሁለት አካል የተቀጣጠለበት ረጅም አውቶቡስ አይምጣብን፤ ለሐረጎ ጥምዝ 12 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ቁልቁለት ላይ በፍሬን ብቻ የማይወርድ አውቶቡስ ይበቃናል።

የራሱ መንገድ ስል 25 ኪሎ ሜትሩን በሙሉ ማለቴ አይደለም። መጨናነቁ ያለው ከተማ ውስጥ ነው። ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መሐል የተሸጎጠች ናት፤ ፒያሳ ላይ ሁለት ባጃጅና አንድ አይሱዙ ከቆሙ ነገሩ አለቀ። አንድ የአውቶቡስ መስመር 3 ሜትር ተኩል ያህል ይበቃዋል፤ ለመሄጃና ለመመለሻ 7 ሜትር። ይህ መሬት ዛሬ በፕላን ላይ ካልተያዘ ነገ ፎቅ ይበቅልበታል። ከዚያ ካሳው ከመንገዱ ሥራ ይበልጣል። አሁን በሁለቱም ከተሞች የኮሪደር ልማት እየተሠራ ነው። የእግረኛ መንገድ ሰፍቷል፣ መብራቱም ያምራል፣ እሰየው። ግን የአውቶቡሱ ቦታ በዚሁ ሥራ ካልገባ አስፋልቱን ዳግመኛ ልንቆፍር ነው። ኮምቦልቻ ገና ሜዳ አላትና እዚያ ነገሩ ይቀላል።

ሚኒባሶቹ ከሥራ ይውጡ አልልም። ሾፌሮቹም ረዳቶቹም የእኛው ልጆች ናቸው። ከየሰፈሩና ከየገጠር ከተማው ሰው እያመጡ ለአውቶቡሱ ጣቢያ ያቀብሉ። ታዲያ ይህ ሁሉ የሚሆነው ሁለቱ ከንቲባ ጽሕፈት ቤቶችና የክልሉ ትራንስፖርት ቢሮ አንድ ላይ ተቀምጠው አንድ ፕላን ሲያወጡ ነው። እስከ ዛሬ እያንዳንዱ የራሱን መናኸሪያ ብቻ ነው የሚያየው።

ቀኑ ደርሶ አውቶቡሱ ሲመጣ የመጀመሪያው ከኮምቦልቻ ንጋት 11፡30 ይውጣ። ሞላም አልሞላም ይውጣ። እኚያ እናት ቤታቸው አድረው ለቀጠሯቸው ይደርሳሉ።

አንድ የደሴ ነዋሪ