ቢጫ ለባሹ ልጅ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ ዳገቱን እንቢ ማለቱን እህቴ ነግራኛለች፤ ምርኩዙን አይናቁት። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

ቅዳሜ ዕለት እዚህ ኒው ዮርክ፣ የአሮጌ ጋዜጦች ዐውደ ርዕይ ላይ አንድ የሰፈር ልጅ አየሁ። ራሱ የተላጨ፣ ጆሮው ትልልቅ፣ እግሩ ባዶ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚደርስ ቢጫ የሌሊት ልብስ የለበሰ። በፈረንጆች 1895 በጆሴፍ ፑሊትዘር ጋዜጣ፣ በኒው ዮርክ ወርልድ ላይ ብቅ ያለ የሪቻርድ አውትኮልት ካርቱን ነው። የሚናገረው ሁሉ ልብሱ ላይ ተጽፏል፤ ደግሞ በግድፈት የተሞላ! ቢያዩት ቀይ እስክሪብቶዎን ያነሱ ነበር። የማተሚያ ቤቱ ፊደል ለቃሚ ግን አይወቀስም፤ ፊደሉንም የሳለው ሰዓሊው ራሱ ነው።

ልጁ ገበያ አገኘ። በ1896 ዊሊያም ራንዶልፍ ኸርስት ሰዓሊውን ወደ ራሱ ጋዜጣ ወደ ጆርናል ወሰደው። ፑሊትዘር ደግሞ ልጁን አልለቅም ብሎ ጆርጅ ሉክስ የተባለ ሌላ ሰዓሊ እንዲስለው አደረገ። በአንድ ከተማ ሁለት ቢጫ ለባሾች! አሉባልታ አጋናኝ ጋዜጣ «ቢጫ» መባሉም ከዚሁ ልጅ ጋር ይያያዛል።

ሌላው የኸርስት ሰዓሊ ሩዶልፍ ዲርክስም በ1897 የጀመረውን የሁለት ተንኮለኛ ወንድማማቾች ካርቱን ትቶ ከኸርስት ሲለይ ተሟገተ፤ ልጆቹን መሳል ተፈቀደለት፣ የካርቱኑ ስም ግን ለኸርስት ቀረ።

እኔ የወደድኩት ባድ ፊሸርን ነው። በ1907 በሳን ፍራንሲስኮ ክሮኒክል ላይ በፈረስ ውድድር የሚቆምር የአንድ ረጅም ሰውዬ ካርቱን ጀመረ፤ በየዕለቱ የሚወጣ። ወደ ሌላ ጋዜጣ ሊሻገር ሲል መብቱ የራሱ መሆኑን ስዕሉ ላይ በእጁ ጻፈበት። ኋላ ሙግት ቢነሳም ረታ፤ ሀብታምም ሆነ።

እርስዎ ትዝ ያሉኝ እዚህ ላይ ነው። ልጅ ሳለሁ ከማተሚያ ቤት ስሜን በእርሳስ ፊደል ለቅመው፣ በክር አስረው አምጥተውልኝ ነበር። «የእርስዎስ ስም?» ብልዎ «ለቃሚ ስም የለውም» ብለው ሳቁ። ያ በክር የታሰረ ስም ዛሬም ጠረጴዛዬ ላይ አለ።

የልጁን ፎቶግራፍ ለእህቴ ልኬያለሁ፤ በስልኳ አስፍታ ታሳይዎት። መነጽርዎን አድርገው ቢጫው ቀለም ከመስመሩ የወጣበትን ቦታ ይፈልጉልኝ። እኔ ሁለት ቦታ አግኝቻለሁ።

ልጅዎ