እማዬ፣ «ሰው አላስቸግርም» እንዳትይ

ይድረስ ለውድ እናቴ፤ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል?

በጥቅምት ከማኅበርተኞችሽ ጋር ሰሜን ተራሮች ለመውጣት እንደቆረጣችሁ ሰማሁ። ወሩን ጥሩ መርጣችኋል፤ ደመናው ተገፎ ገደሉ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ሣሩም ገና አልደረቀም፣ ጾመ ነቢያትም አልገባም። የመንገዱን ሰላም ግን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጎንደርና ደባርቅ ደውላችሁ ጠይቁ፤ በመነሻችሁ ዋዜማም ድገሙት።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዳገቱ ይልቅ ይሉኝታሽ ነው። ራስሽን ሲያምሽ «ትንሽ ነው፣ ያልፋል» ማለት ትወጃለሽ። ተራራ ላይ አስጎብኚው የሚያውቀው የነገርሽውን ብቻ ነው፤ ከደበቅሽው ወደ ላይ ይዞሽ ይሄዳል።

አዲስ አበባ መኖርሽ ይጠቅማል፤ 2,400 ሜትር ግድም ለምደሻል። ነገር ግን ደባርቅ ከተማ 2,850፣ ድንኳን የሚተከልባቸው ሰፈሮች ደግሞ ሳንቃ በር 3,250፣ ግጭ 3,600 ሜትር አካባቢ ናቸው። ሰውነት የሳሳ አየር የሚለምደው በቀናት እንጂ በሰዓታት አይደለም። ስለዚህ ደባርቅ አንድ ሌሊት፣ ሳንቃ በር ሁለት ሌሊት እደሩ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ ወዲያ የምታድሩበት ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር። ቀን ከፍ ብሎ ዞሮ ማታ ዝቅ ብሎ መተኛት ግን መልካም ነው።

ራስ ምታት ላይ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ወይም ከልክ ያለፈ ድካም ከተጨመረበት የከፍታ ሕመም ነው ብለሽ ውሰጂው። ያን ቀን ወደ ላይ አንድ እርምጃ የለም። ዕረፍትና ፓራሲታሞል ካሻሉት እዚያው እደሪ፤ ከባሰ ውረዱ። አንድ ፈተና አለ፤ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ጋር እያገጣጠምሽ ቀጥ ባለ መስመር ሂጂ። ከተንገዳገድሽ ወይም ቁጭ ብለሽ እያለ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ሌሊትም ቢሆን የሚጠበቅ ነገር የለም፤ መውረድ ነው። ይህን ቀድሜ የምነግርሽ በግጭ ምክንያት ነው። ሳንቃ በርና ጨነቅ መኪና ይደርሳል፤ ግጭ ግን በእግር ወይም በበቅሎ ብቻ ነው። ሳንቃ በር ላይ ራስሽን እያመመሽ ወደ ግጭ አትሻገሪ።

ቡናሽን እንዳታቋርጪ። የለመደ ሰው ቡና ሲያጣ ራሱን ያመዋል፤ ያኔ የቡናው ይሁን የከፍታው መለየት ያስቸግራል። አረቄና የእንቅልፍ ኪኒን ግን ይቅሩ፤ ሌሊት ትንፋሽን ያሳንሳሉ። ለከፍታ ሕመም የሚወሰደውን ዲያሞክስ የሚባል ኪኒንም ሌላ ሰው ሲውጥ አይተሽ እንዳትውጪ። የግፊት መድኃኒትሽ ሽንት የሚያበዛው ዓይነት ከሆነ ሁለቱ ተደራርበው ውሃና ጨው ስለሚያሳጡሽ ሐኪምሽን ጠይቂ። ረቡዕና ዓርብ ውሃ ሳይቀምሱ ዳገት መውጣትን በተመለከተ ደግሞ የነፍስ አባትሽን ከመሄድሽ በፊት አማክሪ። በቀን ሦስት ሊትር ግድም መጠጣት ይኖርብሻል።

አስጎብኚ፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውትና በቅሎ የምትይዙት ደባርቅ ነው። ከአጋሰሶቹ ሌላ ለመቀመጫ የሚሆን አንድ በቅሎ ጨምሩ፤ ባይደክማችሁም ይከተላችሁ። የኮርቻውን የሆድ ማሰሪያ ከተነሳችሁ ከሩብ ሰዓት በኋላ ባለ በቅሎው እንደገና ያጥብቀው፤ ሲጫን ሆዱን ነፍቶ የነበረ በቅሎ ሲሄድ ማሰሪያው ይላላል። እርካቡ ውስጥ የእግርሽን ጫፍ ብቻ አግቢ። ቁልቁለትና ገደል አፋፍ ላይ ውረጂና በእግርሽ ሂጂ፤ በተለይ ከሳንቃ በር ወደ ግጭ ስትሄዱ ወደ ጅንባር ወንዝ የሚያወርደው ላይ።

ዳገት ላይ ፍጥነትሽን በጸሎት ለኪ፤ አባታችን ሆይን ትንፋሽ ሳይቆርጥሽ ካልጨረስሽ ፈጥነሻል። ጉልበትን የሚጎዳው ግን ቁልቁለቱ ነው። ሁለት ዱላ ያዢ፤ ሜዳ ላይ ክንድሽ ክርኑ ላይ እንደ ቤት ማዕዘን የሚታጠፍበት ቁመት ይሁን፣ ስትወርጂ ከአምስት እስከ አሥር ሴንቲ ሜትር አስረዝሚው። እርምጃሽ አጭር ይሁን። ጥፍርሽን ቀድመሽ ቁረጪ፤ ወደታች ሲኬድ ጣት ከጫማው አፍንጫ ጋር ይላተማል። ተረከዝሽን መለብለብ ሲጀምርሽ ሁሉንም አስቁሚና ፕላስተር ለጥፊ። ውሃ እስኪቋጥር አትጠብቂ።

ከግጭ እሜት ጎጎ (3,926 ሜትር) ደርሶ መመለስ የግማሽ ቀን ጉዞ ነው፤ እሱ ይበቃችኋል። ከዚያ እናትዬ በሚባለው ከፍታ በኩል አድርጎ ጨነቅ የሚያገባው ቀኑን ሙሉ የሚያስኬድ መንገድ ነው፤ 4,070 ሜትር ግድም ይወጣል። ስሙ ቢያማልልሽም እለፊው! ወደ ሳንቃ በር ተመልሳችሁ በመኪና ጨነቅ ሂዱ፤ ዋልያ የማየት ዕድላችሁ እዚያም ጥሩ ነው። አፋፍ ላይ ፎቶ ስትነሱ ወደ ኋላ መራመድ የለም። ለጭላዳም ዳቦ አትስጡ።

ጋቢሽን ያዢ፤ ነገር ግን ለድንኳን ብቻ ይሁን። ጥጥ ላብ ከጠጣ ቶሎ አይደርቅም፣ ስታርፊ ይበርድሻል፤ ለጉዞው ሱፍ ልበሺ። ሌሊቱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። ከታች የሚነጠፈው ፍራሽ ከሳሳ ምንም ያህል ብትደርቢ መሬቱ ይበርድሻል። ባትሪሽ ትራስሽ ሥር ይሁን፤ ሌሊት ስትወጪ የድንኳኑ ገመድ ይጠልፋል።

ስንቅ ላይ ባቄላና ሽምብራ አትድከሙበት። ግጭ ላይ ውሃ 88 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ለመብሰል እጅግ ይቆያል። ሽሮ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ይበልጣሉ። የመጠጥ ውሃ ግን ሦስት ደቂቃ ከተንተከተከ በቂ ነው።

የመድኃኒቶችሽን ስምና መጠን በወረቀት ጽፈሽ ለአስጎብኚው ስጪው። አዲሱን ጫማ ደግሞ ከነገ ጀምሮ ገበያም ቤተ ክርስቲያንም ስትሄጂ አድርጊው።

ልጅሽ