ከመግባቴ 4 ዓመት አስቀድሜ ለተመረቅሁበት ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት

ክቡር ፕሬዚዳንት፣

በኅዳርና በጥር 2017 ዓ.ም. የጻፍኋቸው ሁለት ማመልከቻዎች ጽሕፈት ቤትዎ ለመድረሳቸው የመዝገብ ቤትዎ ማኅተም ምስክር ነው። ለአንዱም መልስ ስላላገኘሁ ሦስተኛውን ሰው ሁሉ በሚያነብበት ቦታ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን የምኖር የሒሳብ መምህር ነኝ። በዩኒቨርሲቲዎ የክረምት መርሐ ግብር ሐምሌ 2000 ዓ.ም. ገብቼ ነሐሴ 2004 ዓ.ም. በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቄያለሁ። ባለፈው ጥቅምት ለሁለተኛ ዲግሪ ማመልከቻ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት እንዲላክልኝ ስጠይቅ፣ የሬጅስትራሩ ሠራተኛ ስክሪናቸውን ወደ እኔ አዙረው አሳዩኝ፦ የገባሁበት ዓመት 2008፣ የተመረቅሁበት 2004። መረጃው ወደ አዲሱ ሲስተም ሲገለበጥ የመግቢያዬ ዓመት ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ተለውጦ፣ የምርቃቴ ዓመት በእኛው አቆጣጠር እንዳለ ቀርቷል። ሲስተሙም ሳይገባ የተመረቀ ሰው አላውቅም ብሎ ፋይሌን ዘጋው፤ በዚህ እንኳ አልፈርድበትም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማገባደጃ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 መደመር እንዳለበት የ9ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ሳይቀሩ ያውቃሉ፤ ለሲስተሙ ግን የነገረው የለም።

ያንገበገበኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። ከሠራተኛው ጀርባ ባለው መደርደሪያ ላይ የ2004 ተመራቂዎች መዝገብ ተቀምጧል፤ ጀርባው ላይ የተጻፈው ዓመት ከመስኮቱ ውጭ ለቆምነው ይነበባል። እሱን ገልጠው እንዲያዩልኝ ብለምናቸው፣ «መዝገብ ቀርቷል፣ አሁን የምንሠራው በሲስተም ነው» አሉኝ። የዩኒቨርሲቲው ማኅተም ያረፈበትን ዲግሪዬን ዘርግቼ ባሳይም፣ የአምስቱንም ክረምት ግሬድ ሪፖርት ይዤ በመቅረብ መማሬን እንዳስረዳ ታዘዝሁ። አጥፊው ዩኒቨርሲቲው፣ አስረጂው እኔ መሆናችን ነው።

በ1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ቤታችን ሲገባ የመምህርነት ዲፕሎማዬን ጨምሮ የነበረኝን ወረቀት ሁሉ ጠራርጎ ወስዶብኝ ነበር። ውኃው ጎድሎ መንገድ ሲከፈት ወደ ተማርሁበት ኮሌጅ ሄድሁ፤ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ አንድ አዛውንት አቧራ የለበሰ መዝገብ አውርደው፣ በጣታቸው እየተከተሉ ስሜን አገኙትና ከሰዓት በኋላ ምትክ ማስረጃ ይዤ ተመለስሁ። ጎርፍ የወሰደብኝን በግማሽ ቀን የመለሰልኝን መዝገብ ነው እንግዲህ እናንተ «ቀርቷል» የምትሉት።

በአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንደሚሰጥ፣ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የተሳሳተ መረጃዬን የማሳረም መብት እንዳለኝ ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል። እስካሁን የተሰጠኝ ብቸኛ ውሳኔ ግን «ሲስተሙ እምቢ አለ» የሚል የቃል መልስ ነው፤ ሲስተሙ ደግሞ ይግባኝ የሚባልበት ቢሮ የለውም። ኮምፒውተር አይግባ ያለ ሰው የለም። መረጃው ከመዝገቡ ጋር ተመሳክሮ እስኪያልቅ ድረስ መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ መዝገቡን ገልጦ እንዲያርም ሥልጣን ይሰጠው፤ ይህ የእርስዎን አንድ ፊርማ ብቻ የሚፈልግ ነገር ነው።

የማመልከቻው ጊዜ አልፎብኛል። ለትራንስክሪፕቱ የከፈልሁበት ደረሰኝ ግን አሁንም በእጄ ነው፤ ያንን ሲስተሙ ቀኑን ከነደቂቃው፣ አንዲት ስህተት ሳይሠራ መዝግቦታል።

የድሬዳዋው መምህር
ሚያዝያ 2017 ዓ.ም.