የጀልባ ሞተር ኮምፕሬሽን ስትለኩ

ውድ አባላት፣

ሞተሩ ጉልበት ሲያንሰው ካርቡሬተር ለመፍታት አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ኮምፕሬሽኑን፣ ማለትም ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጠረውን ግፊት፣ ለኩ።

ሞተሩ የማቀዝቀዣ ውሃ እያገኘ ይሙቅ። ከዚያ አጥፍታችሁ ካንዴላዎቹን (ብልጭታ ሰጪዎቹን) በሙሉ ፍቱ፣ ማርሹን ነጻ አድርጉ። አደራ፣ ወደ ካንዴላዎቹ የሚሄደውን የእሳት መስመር ሳታቋርጡ ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) እንዳትነኩ! ከካንዴላው ቀዳዳ የሚወጣው የነዳጅ ትነት በአንዲት ብልጭታ ይቀጣጠላል። ነዳጅ መስጫውን (የአየር መግቢያውንም የሚከፍተውን) እስከ መጨረሻው ክፈቱት፤ ካልተከፈተ በቂ አየር ስለማይገባ ጤነኛው ሲሊንደርም የደከመ ይመስላል። የግፊት መለኪያውን ጌጅ በካንዴላው ቀዳዳ ላይ ግጠሙና ቀስቱ ከፍ ከፍ እያለ ሄዶ እስኪቆም ሞተሩን በሞተሪኖው አዙሩ፤ ለሁሉም ሲሊንደር እኩል ዙር ስጡ።

ከቁጥሩ ይበልጥ እኔን የሚያሳስበኝ ልዩነቱ ነው። ሦስቱ ሲሊንደሮች 120፣ 118 እና 122 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ቢያሳዩ ደህና ነው። አንዱ 90 ላይ ከቀረ ግን ችግር አለ። ባለ አራት ምት ሞተር ከሆነ በዚያ ሲሊንደር አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ ድገሙት፦ ቁጥሩ ከወጣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፤ ካልወጣ ቫልቩን ጠርጥሩ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ አብረው ከወረዱ ደግሞ እኔ መጀመሪያ የማየው የቴስታታውን ጓርኒሲዮን (በሲሊንደሮቹና በክዳናቸው መካከል ያለውን ማሸጊያ) ነው።

ያገኛችሁትን ቁጥር ከነቀኑ መዝግባችሁ አስቀምጡ፤ በሚቀጥለው ልኬት የምታወዳድሩት ከእሱ ጋር ነው።