ለናሆም፣ ከሆኖሉሉ፦ ባሕሩ ውስጥ ከመግባትህ በፊት

ሆኖሉሉ፣ ሚያዝያ 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለናሆም፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እማዬስ፣ አባዬስ፣ ጎረቤቱስ ሁሉ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በድምፅ መልእክት ስለ ሰርፍ፣ ማለትም በቦርድ ላይ ቆሞ ማዕበል ስለ መጋለብ፣ የጠየቅኸኝን በስልክ ብነግርህ ግማሹ ይረሳል። ወረቀት ላይ ይሻላል፣ አውሮፕላን ላይም ታነበዋለህ። እማዬ ባሕር እንዳትገባ ማለቷን ነግረኸኛል። ስጋቷ ከንቱ አይደለም፤ ይህን ደብዳቤ አንብብላት፣ ምን እንደሚያስፈራና ምን እንደማያስፈራ እሷም ትለየው።

ሆኖሉሉ ያለችባት የሐዋይዋ ኦዋሁ አንድ ደሴት ትሁን እንጂ ባሕሯ ሁለት ነው። በእናንተ ክረምት ማዕበሉ የሚነሣው በደቡቡ ዳርቻ ነው፤ ዋይኪኪ፣ አላ ሞአና፣ ዳይመንድ ሄድ ያሉበት። በእናንተ በጋ፣ በተለይ ከኅዳር እስከ የካቲት፣ የሰሜኑ ዳርቻ ይነሣል፣ የደቡቡ ይተኛል። ይህ የሚሆነው ማዕበሉ እዚህ ስለማይወለድ ነው። ላንጋኖ ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ የምታየው ሞገድ እዚያው የተፈጠረ ነው፤ በሁለት በሦስት ሰከንድ እየተከታተለ ይንጫጫል፣ ነፋሱ ሲቆም አብሮ ይቆማል። ዋይኪኪ በሐምሌ የሚደርሰው ግን በኒውዚላንድ በስተደቡብ ባለው ውቅያኖስ አውሎ ነፋስ የገፋው ነው። እዚህ ስዌል ይሉታል። በሁለት ሞገድ መካከል 16 ሰከንድ ያለው ስዌል በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በቀን ከ1,000 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። መንገዱ ሰባት ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር ስለሆነ አውሎ ነፋሱ ከተነሣ ከሳምንት በኋላ ይደርሳል። ስለዚህ ሰማዩ ጠርቶ፣ ቅጠል ሳይንቀሳቀስ ባሕሩ ሊነሣ ይችላል። የሰሜኑ ስዌል መነሻው በጃፓንና በአላስካ መካከል ስለሆነ ቅርብ ነው፤ ጉልበቱ መንገድ ላይ ብዙ ሳይባክን በጥቂት ቀን ይደርሳል፤ ለዚህ ነው ከደቡቡ እጅግ የሚተልቀው።

የማዕበል ትንበያው ላይ ሦስት ቁጥር ታያለህ፦ ቁመት፣ በሁለት ሞገድ መካከል ያለው ሰከንድ፣ ስዌሉ የሚመጣበት አቅጣጫ በዲግሪ። አዲስ ሰው ቁመቱን ብቻ አይቶ ይሄዳል፤ ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ቁመታቸው እኩል ከሆነ የ16 ሰከንዱ ስዌል ከ8 ሰከንዱ እጥፍ ጉልበት አለው፤ ዳርቻው ጋ ሲደርስም ይበልጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል። "0.7 ሜትር፣ 16 ሰከንድ፣ 190 ዲግሪ" የሚል ካየህ፣ 0.7 ሜትር ትንሽ ናት ብለህ አትናቃት፤ ደቡቡ ዳርቻ ላይ እስከ ሰው ትከሻ የሚደርስ ማዕበል ልታመጣ ትችላለች። ከ180 እስከ 200 የሚል ዲግሪ ለዋይኪኪ ነው፤ ከ310 እስከ 330 የሚል ለሰሜኑ። ሌላም ወጥመድ አለ፦ የአገሩ ልጆች ማዕበልን ከፊት ለፊት እንደሚታየው አይለኩትም፣ ግማሹን ያህል ነው የሚጠሩት። አንዱ "ሦስት ጫማ ነው" ቢልህ ፊቱ ስድስት ጫማ፣ ማለትም 1.8 ሜትር ገደማ ነው፤ ከራስህ በላይ። ሰዓቱንም ተጠንቀቅ፤ የእነሱ 6 የእኛ 12 ነው።

የምትማርበት ቦታ ዋይኪኪ ነው፤ እዚያም ካኑስ የሚባለው። ማዕበሉ ከሩቅ ተነሥቶ ቀስ ብሎ ነው የሚፈርሰው፣ ረጅም ጊዜም ይሸከምሃል። ከዳርቻ ከ150 እስከ 200 ሜትር ያህል መቅዘፍ ይኖርብሃል፤ ዋናህ ደካማ ከሆነ ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከመምጣትህ በፊት መዋኛ ገንዳ ውስጥ ሳታርፍ 400 ሜትር መዋኘት፣ ከዚያም እግርህ መሬት ሳይነካ 10 ደቂቃ መቆየት ተለማመድ። ያን ካልቻልክ ከዳርቻ አትራቅ። ከካኑስ አጠገብ ኩዊንስ አለ፤ የሐዋይ የመጨረሻዋ ንግሥት የሊሊኡኦካላኒ የባሕር ዳር ቤት እዚያ ስለነበረ ነው ስሙ። ማዕበሉ የተሻለ ነው፣ ግን የለመዱት ሰዎች ስፍራ ስለሆነ በመጀመሪያው ወር ከሩቅ ተመልከተው። አላ ሞአና ቦውልስ ለጀማሪ አይሆንም፦ ፈጣን፣ ጥልቀት የሌለው ሪፍ (ከውኃ በታች ያለ የኮራል አለት) ላይ የሚሰበር ማዕበል ነው። ዋይኪኪ ከተጨናነቀብህ በምዕራብ በኩል ዋይት ፕሌይንስ አለ፤ አሸዋማ ነው፣ ነፍስ አድን ሠራተኞችም አሉበት። ሰርፍ ቦርድ ይዘህ አውቶቡስ ላይ መሳፈር ስለማይፈቀድ ግን መኪና ያስፈልጋል።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ምርጡ ነው። ትሬድ ዊንድ የሚሉት የምሥራቅና የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ በእነሱ በጋ፣ በእናንተ ክረምት፣ አብዛኛውን ቀን ይነፍሳል፤ ዋይኪኪ ላይ ከየብስ ወደ ባሕር ስለሚነፍስ ማዕበሉን ያስተካክለዋል። ሲበረታ ግን ወደ ባሕሩ መሐል ይገፋሃል። ደክሞህ ስትመለስ ነፋሱ ፊትህን ይመታሃል፤ ስለዚህ ጉልበትህ ግማሽ ሲቀር ተመለስ፣ ሲያልቅ አይደለም።

የመጀመሪያ ቦርድህ 9 ጫማ፣ 2.7 ሜትር ያህል፣ ላዩ ስፖንጅ የሆነው ይሁን። አጫጭሩ ያምራል፤ ለጀማሪ ግን አይንሳፈፍም፣ ማዕበል አይዝም። ስትከራይ የእግር ገመዱ ላይ የተቆረጠ ወይም የሳሳ ቦታ ካለ ሌላ ጠይቅ፤ ርዝመቱም ከቦርዱ አይነስ። ከታች ያሉትን ክንፎች ነቅነቅ አድርገህ እይ። ሰም ከቀቡት ለሞቃት ባሕር የተሠራው መሆን አለበት፤ የቀዝቃዛ ባሕሩ እዚህ ቀልጦ ያንሸራትታል።

ቦርዱ ላይ ስትተኛ የእግርህ ጣቶች ወደ ቦርዱ ጅራት፣ የቦርዱ አፍንጫ ማለትም የፊት ጫፉ ደግሞ ከውኃው አራት ጣት ያህል ከፍ ይበል። ወደ ፊት ካበዛህ አፍንጫው ይጠልቅና ትገለበጣለህ፤ ወደ ኋላ ካበዛህ ጅራቱ ውኃ ይጎትትና ማዕበሉ በሥርህ አልፎ ይሄዳል። ማዕበሉ አምስት ስድስት ሜትር ሲቀረው በረጅሙ መቅዘፍ ጀምር። ጅራቱ ሲነሣ ጀማሪ ሁሉ "ያዝኩት" ብሎ መቅዘፉን ያቆማል፤ የሚያመልጠውም በዚያ ቅጽበት ነው። ሁለት ሦስት ቀዘፋ ጨምር። ከዚያ መዳፍህን ጎድንህ አጠገብ ዘርግተህ ተጫንና በአንድ ጊዜ ተነሣ። የቦርዱን ጠርዝ ይዘህ ከተነሣህ ቦርዱ ይዘነብላል፤ በጉልበትህ ተንበርክከህ ከተነሣህ ሁልጊዜ እንደዘገየህ ትቀራለህ። ዓይንህ ሆቴሎቹን ይይ እንጂ እግርህን አይይ፤ እግሩን ያየ እዚያው ይወድቃል።

አወዳደቅ ከአነሣሥ ይበልጣል። ማዕበል የሚሰበረው የውኃው ጥልቀት ከማዕበሉ ቁመት በአንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ሲበልጥ ነው፤ አንድ ሜትር ማዕበል ከተሰበረ ከሥሩ ያለው ውኃ 1.3 ሜትር ገደማ ነው ማለት ነው። ሥሩ ደግሞ ኮራልና አለት ነው። ስለዚህ በጭንቅላትህ አትግባ፣ በእግርህም ቀጥ ብለህ አትውረድ፤ እጅና እግርህን ዘርግተህ በጀርባህ ወይም በጎንህ ጠፍጣፋ ውደቅ። ስትወጣ ክንድህን ከራስህ በላይ አድርግ፣ ቦርዱ ሊመታህ ይችላል። ቦርዱን በአንተና በሚመጣው ማዕበል መካከል አታስቀምጥ፤ ወደ ደረትህ ይወረውረዋል። ስትገባ ማዕበል ቢመጣብህም ቦርዱን ጥለህ አትስመጥ፣ ከኋላህ ያለውን ሰው ይጎዳል፤ ጠርዙን አጥብቀህ ይዘህ ተገልበጥ፣ ማዕበሉ በላይህ ሲያልፍ መልሰህ ተገልበጥ። አለቱ ላይ አትቁም። እሾሃማ የባሕር ፍጥረት አለ፤ ስሙን "ዋና" ብለው ይጽፉታል፣ ሲጠሩት ግን "ቫና" ነው። እሾሁ ተረከዝ ውስጥ ይሰበራል።

መብቱ ማዕበሉ ከሚሰበርበት ጫፍ አጠገብ ላለው ሰው ነው። አንድ ሰው ከያዘው አንተ አትነሣ። ዋይኪኪ ላይ በጎናቸው ተጨማሪ ተንሳፋፊ ያላቸው ረጃጅም ታንኳዎችም ማዕበል ይጋልባሉ፤ በቶሎ መቆም አይችሉምና ካየሃቸው ቀድመህ ዘወር በል።

ከመግባትህ በፊት 20 ደቂቃ አሸዋው ላይ ቁጭ ብለህ ተመልከት። ይህን ለምን እንዳጠበቅኩት ልንገርህ። የሩቅ ስዌል በቡድን ነው የሚመጣው፤ አምስት ስድስት ትልልቅ ማዕበል ይመጣና ከዚያ 10 ወይም 15 ደቂቃ ባሕሩ ዝም ይላል። በዝምታው ሰዓት የደረሰ ሰው "ዛሬ ባሕሩ የለም" ብሎ ይገባና መሐል ላይ ሳለ ትልልቁ ማዕበል ያገኘዋል። በዚያው 20 ደቂቃ ውኃው በየት እንደሚወጣም ታያለህ። ማዕበሉ ሪፉን አልፎ ያስገባው ውኃ በሆነ በር መውጣት አለበት፤ በሩ ማዕበል የማይሰበርበት፣ ጠቆር ያለው፣ ዝምተኛ የሚመስለው ቦታ ነው። ለዋናተኛ አታላይ፣ ለሰርፈኛ ደግሞ መግቢያ መንገድ ነው። ከወሰደህ በቀጥታ ወደ ዳርቻ አትታገለው፣ ያደክምሃል። ቦርዱን አትልቀቅ፤ ወደ ጎን ነጭ አረፋ ወዳለበት ቅዘፍ። ካቃተህ አንድ እጅህን ከፍ አድርገህ አወዛውዝ፣ ነፍስ አድኖቹ ያውቁታል።

ከባድ ዝናብ ዘንቦ ባሕሩ ቡናማ ከሆነ ሁለት ሦስት ቀን አትግባ። ጅረቱና ቦዩ የከተማውን ቆሻሻ ይዞ ይወጣል፤ የተላጠ ቁስል ካለህ ይመረቅዛል። በኮራል ከተጫርክ ትንሽ ናት አትበል፣ በንጹሕ ውኃና በሳሙና እሽት አድርገህ እጠበው።

ጨረቃ ከሞላች ከ8 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ቦክስ ጄሊፊሽ የሚሉት ብርጭቆ የመሰለ ፍጥረት ወደ ዋይኪኪና አላ ሞአና ዳርቻ ይቀርባል፤ ውኃ ውስጥ እምብዛም አይታይም። ከነካህ አትሸው፣ ኮምጣጤ አፍስስበት፣ የቀረውን ክር በትንሽ መቆንጠጫ አንሣ፤ ከዚያ የሚታገሡት ያህል ሙቅ ውኃ፣ 45 ዲግሪ ገደማ፣ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ። መተንፈስ ከከበደህ ወዲያውኑ ወደ አደጋ ጊዜ ጥሪው 911 ይደወላል።

አሁን ወደ ሰሜኑ። በሐምሌ ዋይሜያ የምትባለውን ባሕረ ሰላጤ ወስጄ ላሳይህ እችላለሁ፤ ሐይቅ መስላ ታገኛታለህ፣ ልጆች ይዋኙባታል። እዚህ ላይ እንዳትሳሳት የምፈራው ይህንን ነው፤ በሐምሌ ያየሃትን በታኅሣሥ አትመናት። ከሃሌኢዋ እስከ ሰንሴት ያለው 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ዳርቻ በዓለም የታወቁ ማዕበሎች የተሰለፉበት ነው። ከእነሱ አንዱ፣ ፓይፕላይን የሚባለው ማዕበል፣ ከዳርቻው ቅርብ ስለሆነ አሸዋው ላይ ተቀምጠህ ታየዋለህ፤ ታላቅነቱም አደጋውም ከአንድ ምክንያት ነው፦ ከጥልቁ የመጣው ስዌል በድንገት ጥልቀት ከሌለው ሪፍ ጋር ይጋጫል። የአየር ትንበያው መሥሪያ ቤት የሰሜኑ ማዕበል ፊት 15 ጫማ ሲደርስ ማሳሰቢያ፣ 25 ጫማ ሲደርስ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ያኔ እርጥብ አሸዋ ላይ እንኳ አትቁም፣ ጀርባህንም ለባሕሩ አትስጥ።

የዋይሜያ ትልቁ ውድድር በኤዲ አይካው ስም ነው፤ የሰሜኑ ዳርቻ የመጀመሪያው ነፍስ አድን ሠራተኛ ነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሕር ላይ እርዳታ ሊጠራ ሄዶ ቀረ። ማዕበሉ ፊቱ 40 ጫማ ካልደረሰ አይካሄድም፤ ብዙ ዓመት ሳይካሄድ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ያሸነፈው ሉክ ሼፐርድሰን የዚያው ዳርቻ ነፍስ አድን ነው፤ የዚያን ዕለት ሥራ ላይ ነበርና ተወዳድሮ ወደ ማማው ተመለሰ። እነዚህን ሰዎች አክብር። አትግባ ካሉህ አትከራከር።

ሳንዲ ቢች ደግሞ በሥዕል ታምራለች፤ ማዕበሉ ከጉልበት በማያልፍ ውኃ አሸዋ ላይ ይፈርጣል፣ አንገት የሚሰበረው እዚያ ነው። አንተ አትግባባት።

ከአገር ቤት የምታመጣው ብዙ የለም፦ ጠበቅ ያለ እጅጌ ረጅም ልብስና ቁምጣ። የፀሐይ ቅባት እዚሁ ትገዛለህ፤ ኮራሉን የሚጎዱ ሁለት ኬሚካሎች ያሉበት ቅባት ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዳይሸጥ በሕግ ተከልክሏል፣ ዚንክ ያለበትን ምረጥ። ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚሉህን አትስማ።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፣ አባዬንም እንዲሁ። የበረራህን ቀን እንዳወቅህ ጻፍልኝ፤ ጨረቃዋ የምትሞላበትን ቀን ቆጥሬ የመጀመሪያውን ጠዋት እመርጥልሃለሁ።

እህትህ ሕይወት