ለአባዬ፦ ስለ ለንደኖቹ ሸማኔዎች

አባዬ እንዴት ነህ፣ ጉልበትህስ፣ እማዬስ ደህና ናት? ስልክ ላይ ወሬ ስንጀምር ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ሳልጨርስልህ ስለሚዘጋ ጻፍኩት፣ እህቴ ታንብብልህ።

እሁድ ለት ብሪክ ሌን ሄጄ ነበር፣ ምስራቅ ለንደን ነው፣ ስፒታልፊልድስ አጠገብ። ሰው የሚሄደው ለቤንጋሎቹ (ከባንግላዴሽ የመጡት ናቸው) ካሪና ለአሮጌ ልብስ ገበያው ነው፣ እኔም ጃኬት ፍለጋ ነበር፣ ግን አባዬ ለካ ሰፈሩ የሸማኔ ሰፈር ነበር! በፈረንጆቹ 1685 የፈረንሳዩ ንጉስ ሉዊ 14ኛ ፕሮቴስታንቶቹን እምነታችሁን ተዉ ብሎ ቁም ስቅላቸውን ሲያሳያቸው ሁጉኖ የሚባሉት ሸሽተው መጡ፣ እዚህ የሰፈሩት ብዙዎቹ የሐር ሸማኔ ናቸው። ቤቶቹ አሁንም አሉ፣ ፎርኒየር ስትሪት ላይ ቀና ብለህ ስታይ ጣሪያው ስር ያለው ፎቅ ከዳር እስከ ዳር መስኮት ነው። ለምን መሰለህ፣ ለብርሃን ነው፣ ሐር በጨለማ አይሰራማ! እዛው ቆሜ አንተን አሰብኩ፣ እግርህን ጉድጓዱ ውስጥ ከተህ በበሩ በምትገባው ብርሃን ብቻ ጥለት ስትቆጥር።

ዛሬ ቤቶቹ በሚሊዮን ፓውንድ ነው የሚሸጡት፣ ሸማኔዎቹ ግን ሀብታም እንዳይመስሉህ። በ1760ዎቹ ዋጋ ሲወርድባቸው ተነሱና በርካሽ የሚሰራውን ሰው ሐር ከነድሩ እየቆረጡ ይጥሉ ነበር፣ በ1769 ሁለቱን እዛው አቅራቢያ ሰቀሏቸው። ከዛ በ1773 የሸማኔን ክፍያ የሚወስን ህግ ወጣ (አየህ፣ ካልጮኹ ማን ይሰማል)፣ እሱም ቆይቶ ተሻረ፣ ማሽኑም መጣ፣ በ1860 የፈረንሳይ ሐር ያለቀረጥ ይግባ ሲባል በቃ አለቀላቸው። አንተ በየበዓሉ የቻይናው ፕሪንት ቀሚስ ገበያችንን በላው የምትለው ነገር ነው፣ እነሱንማ ያያቶቻቸው አገር ሐር ነው የበላቸው።

እማዬ ይሄን ትስማ፣ እዛው መንገድ ላይ ሁጉኖዎቹ በ1743 የሰሩት ጸሎት ቤት አለ፣ በ1819 ሜቶዲስት የሚባሉት ፕሮቴስታንቶች ያዙት፣ በ1898 ምኩራብ ሆነ፣ ከ1976 ጀምሮ ደግሞ መስጊድ ነው። ግድግዳው ያው ነው። አይሁዶቹ ከ1881 በኋላ ከሩሲያ ግዛት ግልብጥ ብለው የመጡ ናቸው፣ ብዙዎቹ ልብስ ሰፊ፣ ቤንጋሎቹም አብዛኞቹ ሲልሄት ከሚባለው የባንግላዴሽ ክፍል ናቸው፣ እነሱም መጥተው ልብስና ቆዳ ስፌት ገቡ። ክርና መርፌ ያለው ሁሉ እዚህ ያልፋል ማለት ነው።

አንዱ አስጎብኚ ቱሪስቶቹን ሰብስቦ ሁሉም ተቻችሎ በፍቅር ኖረ ሲል ሰማሁት፣ እኔ ግን አልዋጠልኝም። በ1978 አልታብ አሊ የሚባል ወጣት ቤንጋሊ፣ የልብስ ፋብሪካ ሰራተኛ፣ ማታ ከስራ ወደ ቤቱ ሲሄድ ዘረኞች ገደሉት፣ በሺ የሚቆጠር ሰው አስከሬኑን ተከትሎ እስከ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቤት ሄደ። አሁን መናፈሻው በሱ ስም ነው የሚጠራው፣ እዛ ቁጭ ብዬ ከአይሁዶቹ የቀረውን ቤግል የሚባል መሀሉ ቀዳዳ ክብ ዳቦ በላሁ፣ መሸጫ ቤቱ 24 ሰዓት ነው የሚሰራው፣ ሰልፉ አይጣል! አንተም ከጨንቻ መጥተህ ሽሮ ሜዳ ስትገባ ማን ምን እንዳለህ ነግረኸናል፣ ሸማውን ግን እየተሻሙ ነበር የሚገዙህ።

እና አባዬ ብር ልኬያለሁ፣ ለመስኮት ነው። በጓሮ በኩል ያለው ግድግዳ ይቀደድና ሰፊ መስታወት ይግባበት፣ ጣሪያው ላይም አንድ ሁለት ብርሃን የሚያስገባ የፕላስቲክ ቆርቆሮ ይደረግ፣ አይኔ ደከመ እያልክ በዛ ጨለማ ውስጥ አትቀመጥ። ደግሞ አውቅሃለሁ፣ ለማንም ሰርግ እንዳታወጣው፣ ለአጎቴም እንዳታበድር፣ አናጢውን ወንድሜ ያናግረው። ካነሰ ደውሉልኝና እጨምራለሁ።