ለትንሽ ልጅ ስለ እናቱ ካንሰር ስትጽፉ

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ወላጅ ካንሰር ለሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ ለሚያዘጋጁ ሰዎች አንድ ሁለት ነገር ልበል። «ትንሽ አሟት ነው» ብላችሁ አትሸፋፍኑት። ነገ ጉንፋን የያዘው ልጅ እሱም እንደ እናቱ የሚሆን ይመስለዋል። የአራት ዓመት ልጅ ደግሞ «ስላስቸገርኳት ነው የታመመችው» ብሎ ራሱን ሊወቅስ ይችላል። ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ፣ ቢያቅፋትም በሽታው እንደማይጋባበት በግልጽ ይጻፍለት። ፀጉሯን የሚያረግፈው ኬሞቴራፒው፣ ማለትም የካንሰሩ መድኃኒት፣ መሆኑም አይቅር። ትራስ ላይ የቀረውን ፀጉር ሣሉት፤ አይዟችሁ፣ ልጁ ቤት ውስጥ አይቶታል። ጠዋት ጫማውን ማን እንደሚያስርለትም አሳዩት፤ ለእሱ ትልቁ ጭንቀት ይኼ ነው። መጨረሻው ላይ ግን «ዳነች» አትበሉ። ገና ሕክምና ላይ ያለች እናት ይህን ለልጇ እንዴት ታንብብለት?

አንድ አንባቢ